በጽድ አምባ የወረደው ውርጭ

ምሥራቅን ሆዷ ክፉ ነገር የነገራት ገና ከቤት ሳትወጣ ነበር። ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጧት፣ እናቷ ግቢ ያሳደረችውን የባልዲ ውሃ ላዩ እንደ መስተዋት ረግቶ አገኘችው። በጣቷ ጫን ስትለው ተሰነጠቀ። «ወይኔ ችግኞቼ!» አለችና ቁርስ ሳትቀምስ፣ ነጠላዋን እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ ወደ ጽድ አምባ ሽቅብ ገሰገሰች።

ጽድ አምባ ከንፋስ መውጫ ከተማ ራስጌ ያለ ጥብቅ ደን ነው። ግማሹን አሮጌ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ይዞታል። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ግንዶች አሉበት። ሌላው ግማሽ ቀድሞ ከብት ሲግጥበት የኖረ ገላጣ ሜዳ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከተማው ነቅሎ ወጥቶ በዚህ ሜዳ ላይ ሰባት መቶ ችግኝ ተከለ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ችግኝ፣ በአንድ ልጅ ስም። ስሙ በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ከየችግኙ አጠገብ ተሰቀለ። እናቶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ እያሉ «የኔዋ አደገች፣ ያንቺው ቀጠነ» ይባባላሉ።

የዚህ ሁሉ ኃላፊ ምሥራቅ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ደን አጥንታ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባቷ መሪጌታ መሐሪ ቤተ ልሔም ወርደው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስመሰከሩ፣ በከተማው ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው መምህር ናቸው።

ሜዳው ጫፍ ስትደርስ እግሯ ተያዘ። ሰባት መቶው ችግኝ የፈላ ውሃ እንደ ተደፋበት ጎመን ጠውልጎ፣ ጠቁሮ፣ አንገቱን ደፍቷል። በመካከላቸው አንድ ሰው ተንበርክኮ ቅጠል በጣቶቹ ያሻል። ጌጡ ነበር፤ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ።

«አንድም አልተረፈ?» አለችው።

«ከሜዳው አንድም።»

«ከዛፎቹ ሥር ያሉትስ?»

ጌጡ በአገጩ ወደ አሮጌዎቹ ዛፎች አመለከተ። «እነዚያ ደህና ናቸው። አርባውም።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ቶሎም ዓይናቸውን ሰበሩ። ሁለቱም ያስታወሱት አንድ ቀን ነው። በሐምሌ፣ ሕዝቡ መቆፈሪያ ይዞ እየጠበቀ ሳለ፣ ጌጡ ጠጋ ብሎ «ምሥራቅ፣ ከሜዳው አይሁን። ከአሮጌዎቹ ሥርና ዳር ዳሩን እንትከላቸው። ውርጭ ከላይ ነው የሚወርድ፤ ጣራ ያለውን አይነካውም። አሮጌ ዛፍ ጣራ ነው» ብሏት ነበር። እሷ ግን ፕላኑን በእጇ ይዛለች። ፕላኑ የሚለው ሜዳው ላይ፣ በመስመር፣ ፀሐይ በሚያገኙበት ነው። ሰው ሁሉ ያያታል። አፈረችና «ደን የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ጌጡ። አንተ ጉድጓዱን አስቆፍር» አለችው፤ ጮክ ብላ። እሱም አስቆፈረ። ሲመሽ የተረፉትን አርባ ችግኞች «እንደ ፈለግህ አድርጋቸው» ስትለው፣ ወስዶ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ሥር ተከላቸው።

አሁን ጌጡ ከተንበረከከበት ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ከእኔ ማንም አይሰማም» አላት።

ያን ጊዜ «የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔው እናገራለሁ» ማለት ነበረባት። ቃሉ ከጉሮሮዋ ደርሶ ነበር። ግን ሰባት መቶ እናቶች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባትና ዋጠችው። ወደ ቢሮ ስትወርድ አስፋልቱ ላይ የሚያልፉት ባጃጆች ሁሉ እሷን የሚያዩ መሰላት።

የምሥራቅና የጌጡ ፍቅር የተጀመረው በዘር ከረጢት ላይ ነው። ጌጡ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ዘር እየለቀመ በካኪ ወረቀት ከረጢት ያሽግና ላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ የዛፉን ስም፣ ቀኑን፣ የተለቀመበትን ቦታ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን ስትከፍት እንዲህ የሚል አገኘች፦ «ኮሶ። ግንቦት 12። በምዕራብ በኩል ካለችው አሮጊት። ትናንት ስትስቂ ሰማሁሽ፤ የምለቅመውን ረሳሁት።» ምሥራቅ ከረጢቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች እንጂ መዝገብ ቤት አላስገባችውም። በማግስቱ ባዶ ከረጢት ላይ «እኔም እያወቅኩ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት» ብላ መለሰችለት። ስልክ ነበራቸው፤ ግን ስልኳን እናቷ ታነሣዋለች። ከረጢት ግን ማንም አያነብም።

ጌጡ አላታለላትም። ገና ነገሩ ሳይጠነክር፣ አንድ ቀን ከአሮጊቷ ኮሶ ሥር አስቀምጧት፦

«ሳትለምጂኝ ልንገርሽ» አላት። «አባቴ ጓዴ ይባላል፤ አርብ ገበያ ከተማ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ነው። አያቴም እንዲሁ። ሰው ማረሻውን አስልቶ ይሄዳል እንጂ እኛ ቤት እህል አይቀምስም። የእኛን ዓይን ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ።»

«ምን አገባኝ!» አለችው። አፏ እውነቱን ነበር። ሆዷን ግን ያን ቀን አልጠየቀችውም።

ውርጩ በወረደ በአራተኛው ቀን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፋንቱ የምትባል፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ የሦስት ዓመት ልጇ ሜሮን ታመመች። ታተኩሳለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በሜሮን ስም የተተከለው ችግኝ ደርቋል። ፋንቱ ሁለቱን አገናኘቻቸው። «ባለፈው እሑድ ያ የጣቢያው ሰውዬ ከልጄ ችግኝ አጠገብ ቆሞ 'እንዴት አማረች' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። አንዱ ደግሞ «የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአርብ ገበያው የጓዴ ልጅ እኮ ነው!» አለ። ይኸው በቃ።

ወሬው ከበርበሬ ተራ ወደ እህል ተራ፣ ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ስሙን የሚጠራው ጠፋ፤ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ሆነ ስሙ። ልጆች ያሏቸው ሴቶች በችግኝ ጣቢያው በር ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ጌጡ ሻይ ቤት ገብቶ የጠጣበትን ብርጭቆ ባለቤቲቱ ደጅ አውጥታ ድንጋይ ላይ ሰበረችው፤ እያየ።

ምሥራቅ ይህን ሁሉ ትሰማለች። በተከታዩ ሳምንት፣ ሐሙስ ምሽት ከቢሮ ስትመለስ እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በእጇ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ በጥቁር ክር ይዛለች።

«አንገትሽን አምጪ» አለቻት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ትምህርትሽ ይቆየኝ! ኅዳር ላይ አራት ቀን የተኛሽው በምን ነበር? ሐኪሙ ምን አለሽ? ምንም! ከዚያ ሰውዬ ጋር ሁለት ዓመት በሥራ ስትውዪ የማን ልጅ እንደሆነ እኔ እናትሽ አላወቅሁም። በወለድኩሽ፣ አንገትሽን አምጪ!»

ምሥራቅ ልትቃወም አፏን ከፈተች። ግን የኅዳሩ ትዝ አላት። ከመታመሟ በፊት በነበረው ቀን ጌጡ «ዛሬ ፊትሽ የመስከረም ሜዳ መስሏል» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር፤ በማግስቱ ብርድ ብርድ አላት። ብርድ ነው የመታት፤ ያለ ካፖርት ነበር የዋለችው። ይህን ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን እናቷ ክሩን ስታስርላት አንገቷን ዝቅ አደረገች። ቆዳው ደረቷን ሲነካት ቀለል አላት። ያ መቅለል ከሁሉ የበለጠ አስፈራት። «ለእናቴ ብዬ ነው» አለች ለራሷ። ሁለቴም ሦስቴም አለችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጌጡን ከአሮጊቷ ኮሶ ሥር አገኘችው። ለአርባዎቹ ችግኞች የደረቀ ሣር ያለብስ ነበር። ከስቷል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ከዚያ ዓይኑ አንገቷ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ። ጥቁሩ ክር ከሹራቧ አምልጦ ወጥቶ ነበር።

ጌጡ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከራሱ ዓይን የሚጠብቃት ይመስል፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«አንቺም?» አላት።

«እናቴ ናት ያሰረችብኝ።»

«አንገቱ ያንቺ ነው።»

«ጌጡ፣ ስማኝ እንጂ… ለእሷ ብዬ…»

«ከተማው ሁሉ ብርጭቆ ቢሰብር እችለዋለሁ» አለ፤ ድምፁ እየሰለለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ችዬዋለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ ወንበሬን ለብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ዘመድ ሲሞት ሰው ደጅ ቆሞ ነው የሚያለቅስልን። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ዓይኔን ሳይሸሽ አየኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን እንዴት ልይሽ? ንገሪኝ፣ በየትኛው ዓይኔ ልይሽ?»

ሣሩን ትቶ ሄደ። ምሥራቅ ግንዱን ተደግፋ ቆየች። ልትከተለው እየፈለገች እግሯ እንቢ ያላት ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ማወቋም አንገበገባት።

ቅዳሜ ጧት ጠረጴዛዋ ላይ የዘር ከረጢት አገኘች። የዛፍ ስም የለበትም፤ ቀንም የለበትም።

«ምሥራቅ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጽድ አምባ ይሰበሰባል፤ እኔም እንድገኝ ተነግሮኛል። ብሸሽ 'ይኸው' ይሉኛል፤ ስለዚህ እቆማለሁ። የሐምሌውን ነገር ከአፌ አይሰሙትም፤ አትፍሪ። እኔን ያስቀየመኝ ያዘዝሽው አይደለም። ሰው ይሳሳታል። የጎዳኝ እኔን መፍራትሽ ነው። ከነገ በኋላ ወዳጄ ሆነሽ ብትኖሪም ባትኖሪም፣ አርባዎቹን ቸል አትበያቸው። ጌጡ።»

ሦስተኛ ጊዜ ሳታነበው አለቃዋ አቶ ጥጋቡ ገቡ። አንድ ወረቀት ዘረጉላት። «ችግኞቹ በሠራተኛ እንክብካቤ ጉድለት መድረቃቸው በባለሙያ ተረጋግጧል» ይላል።

«ፈርሚ» አሏት። «ልጁን ከሥራ እናሰናብተዋለን፣ ሕዝቡ ይረጋጋል፣ አንቺም ትድኛለሽ።»

«እሱስ ይድናል?»

አቶ ጥጋቡ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «እኔ ስለ መሥሪያ ቤቱ ነው የማስብ» አሉና ወረቀቱን ትተውላት ወጡ። አልፈረመችም፤ አልቀደደችውምም። ሲመሽ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

እሑድ ጧት መሪጌታ መሐሪ ከቅዳሴ ተመልሰው ልጃቸው ነጠላዋን ስታጣፋ አዩ።

«ወዴት?»

«ጽድ አምባ፣ አባባ።» ከዚያ ዝም ማለት አቃታት። «አባባ፣ እርስዎ መጽሐፍ ያውቃሉ። ሰው ሰውን በዓይኑ ይበላል የሚል የት አለ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «የትም የለም» አሉ። «መጽሐፉ አይልም። አገሩ ግን ይላል። እኔ ደግሞ የምኖረው ከአገሩ ጋር ነው፤ የሚቀብረኝም እሱ ነው።»

«እሱስ? እሱስ የት ይኑር?»

አባቷ አተኩረው አዩዋት። ለሁለት ዓመት የደበቀችውን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ያነበቡት መሰላት። «ይህን ልጅ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «አትሂጂ። እለምንሻለሁ» አሉ። በሕይወቷ አባቷ ሲለምኑ ሰምታ አታውቅም። እሷ ግን ወጣች።

ጽድ አምባ በሰው ተሞልቷል። ሰዉ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ሥር ቆሟል፤ ጌጡ ደግሞ ለብቻው በጠቆረው ሜዳ ጫፍ። ንጹሕ ጃኬት ለብሷል። በእሱና በሕዝቡ መካከል አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ባዶ መሬት ነበር፤ ማንም የለካው ሰው የለም፣ ግን ማንም አያልፈውም። ሽመል የያዙ ጎረምሶች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ፋንቱ ሜሮንን በጀርባዋ አዝላ ታለቅሳለች፤ የልጅቱ ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማል።

አቶ ጥጋቡ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወረቀቱን አነሡ። «ጉዳዩ በባለሙያችን ተጣርቶ…»

«አልተጣራም!» አለች ምሥራቅ። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ችግኞቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሕዝቡ ዞረ።

«ውርጭ ነው የወረደባቸው። ሜዳው ላይ ይተከሉ ያልኩ እኔ ነኝ። ጌጡ ከዛፎቹ ሥር ይሁኑ ብሎ ለመነኝ፤ ጌጡን አልሰማ አልኩት፤ በሰው ፊት አዋረድኩት። ኑና እዩ፣ እሱ የተከላቸው አርባዎቹ ከእግራችሁ ሥር ለምልመው ቆመዋል! በእሱ ዓይን ቢሆን መጀመሪያ እነሱ አይደርቁም? በየቀኑ የሚያያቸው እሱ አይደል? ጌጡ ምንም አላደረገም!»

አንዳንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ያሉትን አረንጓዴ ቅጠሎች አየ። ለአፍታ የተሳካላት መሰላት። ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ተበልታለች! ስሙን ስሙን እየጠራች ትለፈልፋለች፣ አትሰሙም? የተበላ ሰው እንዲህ ነው!»

በአገሩ የተበላ ሰው የበላውን ስም እየጠራ ይለፈልፋል ይባላል። ምሥራቅ ደግሞ ስሙን ስንቴ ጠራች? «እኔ ደህና ነኝ!» አለች። «እንዲህ ነው የሚሉ!» አለ ሌላው። «እየተናገረ ያለው እሱ ነው!» እውነቱን በተናገረች ቁጥር እውነቱ በእሱ ላይ ምስክር ይሆናል። ዝም ብትልም ያው። እናቷ ከሕዝቡ መካከል «ልጄን! ልጄን አድኑልኝ!» ብላ ስትጮህ ሰማች። አንድ ጎረምሳ ካራ መዘዘ። «ከልብሱ ቆርጠን እናጭስላት! ያለዚያ አይለቃትም!»

ካራ የያዘው ወጣት ባዶውን መሬት መሻገር ጀመረ፤ ሌሎቹም ሽመላቸውን አነሡ። ምሥራቅ ልትሮጥ ስትል ሁለት ሴቶች ክንዷን ያዙ። መጮህ አልቻለችም። ስሙን ብትጠራ ይገድሉታል።

ጌጡ አልሸሸም። ጃኬቱን ቀስ ብሎ አወለቀና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«መቁረጥ አያስፈልግም» አለ። «ለእሷ የሚበጃት ከሆነ ሁሉንም ውሰዱት።»

በሸሚዝ ብቻ ቆሞ በብርዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም፤ ወደ እሷ እንዳያይ።

«ዘወር በሉ» የሚል ድምፅ መጣ። መሪጌታ መሐሪ ነበሩ፤ ዳገቱ አስቸግሯቸው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ያለከልካሉ። ሰው ከፈተላቸው። «መሪጌታ፣ ልጅዎን ይዩልን!» አሏቸው ከግራም ከቀኝም። መሪጌታ ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ ኪዳን።»

«ይህን ሁሉ የተናገረው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ወለተ ኪዳን፣ ልጅዎ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰምታችኋል። ልጄ ደህና ናት። የተናገረችው ጥፋቷን ነው። አርባ ዓመት ሳስተምር ጥፋቱን በአደባባይ የተናገረ ተማሪ ስላላየሁ ለእኔም እንግዳ ሆኖብኛል፤ በሽታ ግን አይደለም። ውርጩን የሚያወርድ እግዚአብሔር ነው። ለሰው ልጅ ዓይን እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጠም። ይህን ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩ።»

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ያን አሥራ አምስት እርምጃ ብቻቸውን ተሻገሩት። ካራ የያዘውን ልጅ አልፈው ሄዱ። ጎንበስ ብለው ጃኬቱን ከመሬት አነሡ፣ አቧራውን አራገፉና በሁለት እጃቸው ለጌጡ ሰጡት።

«ልበሰው፣ ልጄ። ብርድ ነው።»

ጌጡ ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ አልያዝለት አለ። መሪጌታ ራሳቸው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ ይቅርታ ያለም የለም። አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ ዳገቱን ወረደ። ፋንቱ ብቻ ቀረች። «ልጄስ?» አለች፤ ማንን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ። መሪጌታ «አንቺ ደግሞ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ጸበሉ አይሸሽሽም» አሏት። ምሥራቅ አብራት ሄደች። የሳንባ ምች ነው አሉ፤ መርፌ ጀመሩላት፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። በሳምንቱ ፋንቱ ጽድ አምባ መጥታ የሜሮንን ቆርቆሮ ከደረቀው ችግኝ ላይ አንሥታ ሄደች። ጌጡን ሰላም አላለችውም፤ ፊቷን ግን አልሸፈነችም።

ምሥራቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። በከሰዓቱ እረፍት ላይ ይዛው ወጥታ ጌጡን አገኘችው፤ ከጽዶቹ መካከል ሣር ያለብስ ነበር። ራቅ ብላ ቆመች።

«ለእናቴ ብዬ አልነበረም» አለችው።

ቀና አለ።

«ያን ዕለት ዋሸሁህ። እናቴ ስታስርልኝ ቀለለኝ። ፈርቼህ ነበር፣ ጌጡ። እወድሃለሁ፣ ፈርቼህም ነበር። የተማርኩት ሁሉ አላዳነኝም። ይህን ካልነገርኩህ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።»

ጌጡ በእጁ የያዘውን ሣር አስቀመጠ። ከላይ ነፋሱ በጽዶቹ ውስጥ ይጮኻል። «አሁንስ?» አላት።

«አላውቅም። አንዳንዴ ይመጣብኛል። ሲመጣብኝ ግን እነግርሃለሁ እንጂ አልደብቅህም።»

«ከባድ ነገር ነው ያመጣሽብኝ።»

«አዎ።»

«ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ ለማወቅ ቀረብ ማለት ነበረባት። ቀረበች።

ዓርብ ጧት አብረው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። አባቱን ልትጠይቅ ነው። መሪጌታ «ሂጂ»ም «አትሂጂ»ም አላሏት፤ እናቷ እስከ በር ሸኝታት ያለ ቃል ተመለሰች። የገበያ ቀን ስለሆነ የአርብ ገበያ ሚኒባስ ቶሎ ሞላ፤ ከእነሱ አጠገብ ያለችው አንዲት ወንበር ብቻ ቀረች። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ቆየ። ሰዎች መጥተው በበሩ ያያሉ፣ ጌጡን ያውቁታል፣ ሌላ መኪና ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ሹፌሩ ተሳድቦ ወንበሯን ባዶ እንደያዘ ተነሣ።

ምሥራቅ መንገዱን እያየች ስለ ምሳ ታስባለች። እናቱ ያቀርባሉ፤ ካቀረቡም በኋላ ቆመው እንግዳዋ ትቀምስ እንደሆነ ያያሉ። ሠላሳ ዓመት ሰው እህል ያልቀመሰበት ቤት ነው። እጇ ሳይዘገይ ይሄድ ይሆን? አንዲት ቅጽበት ብትዘገይ ያዩታል። ጣቶቿን ጭኗ ላይ ጨብጣ ዘረጋቻቸው። በረዷት።

ጌጡ አየውና እጁን በእጇ ላይ አደረገ፤ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። «ምነው?» አላት በቀስታ።

«ፈርቼ ነው።»

ከኋላቸው ሰው በሹክሹክታ የሚናገረው ነገር ነበር። ጌጡ አልዞረም።

«እኔም» አላት።